መሪውን ማን ይዟል?

አንጋፋው፦ እስቲ ከሥራው እንጀምር። ሰው የማይገባበት ሮቦት ወደ ባሕር ወለል ይወርዳል። ከመርከቡ እስከ እሱ ገመድ ተዘርግቷል፤ በገመዱ ኃይልና ትእዛዝ ይወርዳል፣ ምስል ይወጣል። መርከቡ ላይ፣ ስክሪን በሞላው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ነጂ ጆይስቲክ ይዞ ተቀምጧል። እሱ ያያል፣ እሱ ይወስናል፣ የእሱ እጅ ይሠራል። አንቺ ከዚህ ላይ ግማሹን ለኮምፒዩተር እንስጥ ትያለሽ። ምን ጎደለና ነው?

ወጣቷ፦ ግማሹ ከተሰጠ ቆይቷል ጋሼ። ሮቦቱን በአንድ ጥልቀት የሚያቆየው፣ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስይዘው፣ ከወለሉ ያለውን ከፍታ የሚጠብቀው ዛሬ ኮምፒዩተር ነው። ነጂው አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ ወዲያ ገፊ ሞተሮቹን ያለማቋረጥ የሚያስተካክለው ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ይሰጥ አይሰጥ አይደለም። የቱ ይሰጥ፣ የቱ ይቅር፣ ደግሞስ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው የተሰጠው ምን እንደሆነ በየደቂቃው ያውቃል ወይ?

አንጋፋው፦ ጥልቀት በመጠበቅ አልከራከርሽም። በመርከብ ሞተር ክፍል ስሠራ የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቅ ገቨርነር ነበረን፤ ሥልጣኔን ወሰደብኝ ያለ ባለሙያ አላየሁም። የኔ ክርክር ከውሳኔው ላይ ነው። ፓሎማሬስን አስቢ። እ.ኤ.አ. በጥር 1966 ሁለት የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች በስፔን ሰማይ ላይ ተጋጩና አራት የሃይድሮጂን ቦምቦች ወደቁ። ሦስቱ የብስ ላይ አረፉ፤ አራተኛው ባሕር ገባ። ከረጅም ፍለጋ በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኩርቭ የሚባለውን በርቀት የሚነዳ ማሽን ወደ 870 ሜትር ገደማ አወረደው። ኩርቭ ቦምቡን ሊያስር ሲታገል ራሱ በፓራሹቱ ገመዶች ተተበተበ። ላይ ያሉት ሰዎች ምን አደረጉ? እንደተጠላለፉ ሁለቱንም አንድ ላይ ጎትተው አወጧቸው። «ተይዣለሁ፤ ግን መያዜ ራሱ ጥሩ ማሰሪያ ሆኗል» ብሎ የሚያስብ የቱ ኮምፒዩተር ነው?

ወጣቷ፦ የትኛውም። ያን ውሳኔ ለኮምፒዩተር ስጡ አልልም። ግን ታሪኩን ከፊት በኩልም ይዩልኝ። ሮቦቱን ከውሃው ግፊት ጋር እያታገሉ ማቆም፣ ገመዱ እንዳይጠመጠም መጠበቅ፣ ክንዱን ማንቀሳቀስ፣ ደለል ሲነሣ ካሜራው እስኪጠራ መታገሥ፤ ይህ ሁሉ በአንድና በሁለት ሰው ትኩረት ላይ ሲወድቅ መተብተብ የዘወትር አደጋ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ሮቦቱን ቀጥ አድርጎ ቢያቆምለት ሰውየው ያቺን የፓሎማሬስ ዓይነት ሐሳብ የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል። ደግሞ ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ቶማስ ሸሪዳንና ዊሊያም ቨርፕላንክ የተባሉ የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቢሮ ዘገባ ጽፈው ነበር። ርእሰ ጉዳዩ ይኸው የኛ ነው፤ ከባሕር በታች የሚሠሩ ማሽኖችን ሰውና ኮምፒዩተር እንዴት ይቆጣጠሩ? አሥር ደረጃ አወጡለት። በመጀመሪያው ሁሉንም የሚሠራው ሰው ነው፤ በአሥረኛው ኮምፒዩተሩ ሰውን ሳይጠይቅ ሁሉንም ይወስናል። ኋላ ስለ አውሮፕላንና ስለ ሌሎች ማሽኖች በተነሣ ክርክር ሁሉ የሚጠቀሰው መሰላል ከባሕር ሥራ የመጣ ነው።

አንጋፋው፦ መሰላሉን አውቀዋለሁ፤ የሚያሳስበኝም መካከሉ ነው። በአምስተኛው ደረጃ ኮምፒዩተሩ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሰው ከፈቀደ ብቻ ይፈጽማል። በስድስተኛው ሰው እንዲከለክል የተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልከለከለ ይፈጸማል። በሰባተኛው ፈጽሞ ይነግርሻል። አየሽ? ከአምስት ወደ ስድስት ሲወጣ የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ የሰው ዝምታ ፈቃድ ሆነ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ባዶ የባሕር ወለል ሲያይ ያመሸ ነጂ ዝም ቢል ፈቅዷል ማለት ነው?

ወጣቷ፦ አይደለም። ለዚህ ነው ሮቦቱ በሙሉ አንድ ደረጃ ላይ መቆም የለበትም የምለው። ጥልቀት መጠበቁ አሥረኛው ላይ ይሁን፤ ግድ የለኝም። ቧንቧ መቁረጥ ከአምስተኛው አይለፍ። ሰው በገደል መንገድ በቅሎ ሲጋልብ እግሯን የት እንደምታሳርፍ አይነግራትም፤ የሚደርስበትን አገር ግን የሚያውቀው እሱ ነው።

አንጋፋው፦ በቅሎዋን ካነሣሻት ልጨምርልሽ። መንገዱ ሲያስፈራት ጆሮዋ ይቆማል፣ እርምጃዋ ይለወጣል፤ ኮርቻው ላይ ያለው ሰው ገና ሳያይ ይሰማዋል። ኮምፒዩተርሽ እርግጠኛ ሳይሆን ሲቀር ምን ያደርጋል? እኔ የማውቃቸው ማሽኖች ትክክል ሲሆኑም ሲሳሳቱም መልካቸው አንድ ነው።

ወጣቷ፦ ይህን ነጥብ ያስቀምጡልኝ፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እጅ ጨርሶ የማይደርስበት ቦታ እንዳለ ይመኑልኝ። የሬዲዮ ሞገድ በባሕር ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ገመድ ከሌለ የሚቀረው ድምፅ ነው፤ ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሮቦቱ 6,000 ሜትር ላይ ከሆነ ትእዛዙ ለመድረስ 4 ሰከንድ፣ መልሱ ለመመለስ ሌላ 4 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ላይ በድምፅ የሚላከው መረጃ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥርት ያለ ቪዲዮ አይታሰብም። በ1960ዎቹ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ዊሊያም ፌረል በመዘግየት ስለሚታዘዝ ክንድ ባደረገው ሙከራ ሰዎች ሳይነገራቸው አንድ ዘዴ ይዘው ተገኙ፤ ትንሽ አንቀሳቅሰው ይጠብቃሉ፣ ያዩና እንደገና ትንሽ ያንቀሳቅሳሉ። የደቂቃ ሥራ እንዲህ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚረዝም ያስቡት።

አንጋፋው፦ ታዲያ ገመዱን አትቁረጡት! በፋይበር ገመድ ትእዛዝም ምስልም ወዲያው ይደርሳል። ችግሩን ራሳችሁ ፈጥራችሁ መፍትሔው ኮምፒዩተር ነው ማለት ልክ አይደለም።

ወጣቷ፦ ገመዱ ራሱ ይበጠሳል ጋሼ። ጃፓኖች ካይኮ የሚባል ሮቦት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 የማሪያና ሸለቆ ታች፣ 10,911 ሜትር ላይ ደረሰ። እንዲህ ያለ ማሽን በግንቦት 2003 አውሎ ነፋስ እየቀረበ ሳለ ከማስወንጨፊያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ተበጥሶ ጠፋ። ተፈለገ፤ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካው የዉድስ ሆል ተቋም ኔሬየስን ሲሠራ ከዚሁ ችግር ተነሥቶ ነው። ወፍራሙን ገመድ ትቶ እንደ ፀጉር የቀጠነ ፋይበር አስያዘው፤ ኃይሉን ከራሱ ባትሪ ያገኛል። ፋይበሩ እስካለ ድረስ ሰው ይነዳዋል፤ ፋይበሩ ከተበጠሰ ኮምፒዩተሩ ተረክቦ ሥራውን ዘግቶ ወደ ላይ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው ሸለቆ ታች ደርሶ ተመልሷል።

አንጋፋው፦ በ2014ስ? ከኒውዚላንድ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በከርማዴክ ሸለቆ፣ 9,900 ሜትር ላይ ጠፋ። ስብርባሪው ውሃ ላይ ተንሳፎ ተገኘ።

ወጣቷ፦ ልክ ነው። እሱን የገደለው ግን የውሃው ግፊት ነው ተብሎ ይታመናል፤ አካሉ ተጨፍልቆ። ሰውም ኮምፒዩተርም የወሰኑት ነገር አልነበረም። ሐሳቡ ግን ከሱ ጋር አልሞተም። እሱን የተከተለው ሮቦት ከዋልታ በረዶ በታች እንዲሠራ ታስቦ ተሠራ፤ እዚያ ደግሞ በቀጥታ ሽቅብ መውጣት የለም፤ ላይ በረዶ ነው። ያው ሮቦት በ2019 ግሪክ ውስጥ፣ ከሳንቶሪኒ ደሴት አጠገብ፣ ኮሉምቦ የሚባለው የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ላይ ወረደ። ተመራማሪው የሚፈልገውን ቦታ ነገረው፤ ክንዱን አቅዶ የወለሉን ናሙና የወሰደው ሶፍትዌሩ ነበር።

አንጋፋው፦ ደለል በቱቦ መምጠጥ ነው ያደረገው። ቢሳሳት የሚጠፋው አንድ እፍኝ አፈር ነው። እኔ የማስበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2010ን ነው። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ዲፕዋተር ሆራይዘን፤ 11 ሰዎች ሞቱ፣ 1,500 ሜትር ታች ጉድጓዱ ነዳጅ ይተፋል። ያን ጊዜ ከዚያ ጥልቀት የሚደርስ እጅ የነበረው የሮቦት እጅ ብቻ ነው። ቫልቭ የሚያዞሩ፣ ብረት የሚቆርጡ፣ ሠርተውት የማያውቁትን ነገር እዚያው እየፈጠሩ የሚሠሩ ነጂዎች ነበሩ። ለዚያ ዓይነት ቀን የተጻፈ ሶፍትዌር የለም፤ ቀኑ ከዚያ በፊት ኖሮ አያውቅምና።

ወጣቷ፦ የነጂዎቹን ሥራ አከብራለሁ፤ ያለ እነሱ ጉድጓዱ አይዘጋም ነበር። ግን ከዚያው ታሪክ ሰኔ 23ን አይዝለሉብኝ፤ በፈረንጆቹ ሰኔ። ከሮቦቶቹ አንዱ ነዳጁን ከሚሰበስበው መሣሪያ ጋር ተጋጨ፤ ቆቡ ለሰዓታት መነሣት ግድ ሆነና ነዳጁ ያለ ከልካይ ፈሰሰ። በጠባብ ቦታ ብዙ ሮቦት ሲሠራ እንዲህ ይሆናል። እኔ የምፈልገው ኮምፒዩተር ያን ቀን ሰውየው እንዳሻው እንዲነዳ የሚተውና ከመሣሪያው አጠገብ ሲደርስ ግን አላስጠጋም የሚል ነው። አይነዳለትም፤ ድንበር ይጠብቅለታል።

አንጋፋው፦ አሁን ወደ እውነተኛው ነገር መጣሽ። አላስጠጋም የሚል ማሽን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን ላይ ያለው ኮምፒዩተርም አብራሪውን ለመጠበቅ የተሠራ ነበር። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ እንዳይቀና ድንበር ይጠብቃል ተባለ። የሚያምነው ግን አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር፤ ሴንሰሩ ሲሳሳት ደጋግሞ አፍንጫውን ወደ ምድር ደፈቀው። 157 ሰው ከቢሾፍቱ አጠገብ አለቀ። ከዚያ በፊት ከጃካርታ የተነሣ መሰል አውሮፕላን ላይ 189። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ድንበር የሚጠብቅ ኮምፒዩተር ሲሉኝ ዝም ብዬ አላዳምጥም።

ወጣቷ፦ እኔም አልረሳሁትም፤ ማናችንም አንረሳውም። ግን እሱን መጋራት አይበሉት። ከጃካርታው አደጋ በፊት በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ ሥራው አልተገለጸም ነበር። ሳይነግሩህ መሪውን የያዘ አካል አጋርህ አይደለም። የኔ መጀመሪያው ሁኔታ ይኸው ነው፤ ሰውየው የተሰጠውን ይወቅ።

አንጋፋው፦ ከጃካርታ በኋላ እኮ ማሳሰቢያ ወጥቶ ነበር። የኛ ልጆች ያውቁ ነበር። ኤሌክትሪኩን አቋረጡት፤ በእጅ ሊያስተካክሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ማወቅ ብቻውን አላዳናቸውም ልጄ። ማወቅ የሚበቃው የነጠቀህን መልሰህ መቀማት ስትችል ነው።

ወጣቷ፦ ... እሺ። ይህን እቀበላለሁ፤ ሁኔታዬንም አጠብቀዋለሁ። ማወቅ፣ መንጠቅም መቻል። ነጠቃው ደግሞ በአንድ እንቅስቃሴ፣ በየትኛውም ሰዓት፣ ኮምፒዩተሩ ሳይከራከር። ግን እዚህ ላይ ባሕር ከሰማይ ይለያል። አውሮፕላን ቆሜ ላስብ አይልም። በሮቦቱ ውስጥ ሰው የለም፤ ግራ ሲገባው መቆም ይችላል። ኮምፒዩተሩ ሲጠራጠር «ቆሜያለሁ፣ አንተ ተረከብ» ይበል።

አንጋፋው፦ መቆም በነፃ የሚገኝ አታስመስይው። ውሃው እየገፋ ነው፤ ገመዱ መርከቡ ላይ ነው፣ መርከቡ ደግሞ በማዕበል ይወጣል ይወርዳል። የሰመጠ መርከብ ብረት ውስጥ ገብቶ «ቆምኩ» ያለ ሮቦት ገመዱ ስለት ላይ እየተፋተገ ነው የቆመው። ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሚቆመው መጠራጠሩን ካወቀ ነው። ያ ሴንሰር እኮ አልተጠራጠረም።

ወጣቷ፦ ለዚህ ነው ነጥቡን ያስቀምጡልኝ ያልኩት፤ የበቅሎዋ ጆሮ። ስታንፎርድ ውስጥ ኡሳማ ካቲብና ባልደረቦቹ ኦሽንዋን የሚባል የሰው ቅርጽ ያለው ሮቦት ሠርተዋል። ሁለት ክንድ፣ ሁለት ዓይን አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፈረንሳይ፣ ከቱሎን ወደብ ወጣ ብሎ፣ በ1664 የሰመጠችው የሉዊ 14ኛ መርከብ ላ ሉን ወዳለችበት ወረደ፤ 100 ሜትር ገደማ ነው። ካቲብ መርከብ ላይ ሆኖ የሮቦቱን እጆች ያንቀሳቅስ ነበር፤ የሮቦቱ ጣቶች የሚነኩት ነገር ክብደትና ጥንካሬ በእጁ ይሰማዋል። ሰውነቱን ከውሃው ግፊት ጋር የሚያመዛዝነው ኮምፒዩተሩ ነው። እንዲህ ሆኖ አንድ ማሰሮ ሳይሰበር አወጣ። እዚህ ላይ መጋራት ምን እንደሚመስል ይታያል። ሮቦቱ የሚያገኘውን ነገር ሰው በእጁ ያውቀዋል። ጥርጣሬም በእጅ እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል፤ ኮምፒዩተሩ ያላየው ቦታ ላይ መሪው እንዲከብድ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል የታየው የቱ የተገመተው የቱ እንደሆነ እንዲለይ።

አንጋፋው፦ ይህኛው ደስ ይለኛል። እውነት ለመናገር፣ ካልሽው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ያ በእጁ የተሰማው ክብደት ከማሰሮው ተነሥቶ በቀጥታ አልደረሰውም። ሴንሰር ለካው፣ ሶፍትዌር አሰላው፣ ሞተር እጁን ገፋው። ስሜቱም የኮምፒዩተሩ ቃል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲዋሽ በእጅህም ይዋሻል፤ በእጅ የተዋሸ ሰው ደግሞ በዓይን ከተዋሸው ይበልጥ ያምናል።

ወጣቷ፦ ካሜራውም እንደዚያው ነው። ከ1966 ጀምሮ የሮቦት ነጂ ባሕሩን በቀጥታ አይቶ አያውቅም፤ መሣሪያው ያሳየውን ነው ያየው። ከአንድ በላይ ምስክር ይኑር ነው መልሱ። ኃይሉን የሚለካው አንድ፣ ርቀቱን በድምፅ የሚለካው ሌላ፣ ካሜራው ሦስተኛ። ሲጋጩ ኮምፒዩተሩ አንዱን መርጦ አይወስን፤ መጋጨታቸውን ያሳይ።

አንጋፋው፦ መልካም። እንግዲህ የመጨረሻውን፣ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውን ላንሣ። ብሪታንያዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊሳን ቤይንብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1983 ያለችው ነገር አለ፤ ሥራውን ለማሽን በሰጠን ቁጥር ለሰው የሚቀረው ማሽኑ ያልቻለው ከባዱ ብቻ ነው፤ እጁ ግን ከልምድ የሚርቀውም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሩሲያ አነስተኛ ሰርጓጅ ካምቻትካ ላይ በመረብና በገመድ ተጠልፎ 7 ሰዎች አየር እያለቀባቸው ሳለ ከብሪታንያ የመጣ ስኮርፒዮ የሚባል ሮቦት ነው መረቡን ቆርጦ ያወጣቸው። ያን መቁረጫ የያዘው ነጂ እጁን የት አሠለጠነ? ተራ በሆኑ ቀናት፣ አሰልቺ በሆኑ ሥራዎች፣ ሮቦቱን በራሱ እጅ እያቆመ። አንቺ እነዚያን ቀናት ለኮምፒዩተር ሰጥተሻቸዋል። በክፉው ቀን «ተረከብ» ስትይው የሚረከበው ማን ነው?

ወጣቷ፦ ይህ ጥያቄ እኔንም ይከብደኛል። ማስመሰያ ማሽን አለ፤ ግን በማስመሰያ ደለል የሚነሣው ፕሮግራሙ እንዳለው ነው። ስለዚህ የእጅ ሰዓት በሕግ ይመደብ እላለሁ፤ ነጂው በየጉዞው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ የሚነዳበት ሰዓት፣ ተመዝግቦ። ግን በሌላው በኩል ያለውንም ሰው ይዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ፣ ደባሁ ላይ፣ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀች፤ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። ከዓለም የመጡ ሊቃውንት አጠኑት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም ነበሩበት። ስንጥቁ ያለበት ስምጥ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ ይቀጥላል። እዚያ የሚወርድ መርከብ የለንም፤ በሌላ አገር መርከብ ላይ አልጋ ማግኘት ለጥቂቶች ነው። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ከካሊፎርኒያ ዳርቻ ወዲያ ያለን ሮቦት በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያሉ ሰዎች በንግግርና በእጅ ምልክት እንዳዘዙት ያሳያል፤ ናሙና አስወሰዱት። በዚያ ርቀት ጆይስቲክ አይሠራም፤ ኔትወርኩ ይዘገያል፣ ይቋረጣል። የሚሠራው «ያን ድንጋይ አንሣ» ብለህ ዝርዝሩን ለኮምፒዩተሩ ስትተው ነው። መሪውን ሳንጋራ የአዲስ አበባዋ ጂኦሎጂስት የራሷን ስምጥ ሸለቆ ታች አታይም።

አንጋፋው፦ ለእሷ ስል ብዙ ነገር እፈቅዳለሁ። ግን ኔትወርኩ በተቋረጠባት ሰዓት ሮቦቱ ቢጠለፍ የሚጠየቀው ማን ነው? እሷ አዲስ አበባ ናት። ሶፍትዌሩን የጻፈው አንድ ቦታ ተኝቷል። መርከቡ ላይ ያለው ካፒቴን ነው ወረቀቱን የሚፈርመው፤ የፈረመ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ እሷን ያስገባታል ብለሽ ነው?

ወጣቷ፦ ስለዚህ መርከቡ ላይ ነጂ ይኑር። እሷ ታዛለች፤ እሱ በማንኛውም ሰከንድ ይነጥቃል። ተጠያቂውም ነጠቃው በእጁ ያለው ሰው ነው፤ ያለ መንጠቂያ ተጠያቂ የሚያደርግ ውል መፈረም የለበትም።

አንጋፋው፦ ሰው ከቀረ እኔ ከመሠረቱ አልጣላሽም። የምፈራው የመርከብ ባለቤቶችን ሒሳብ ነው። የአንድ ቀን የመርከብ ኪራይ ውድ ነው። ኮምፒዩተሩ በሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ ነጂው እጁን እንዲያሠለጥን በሦስት ሰዓት ሲሠራው ማን ይከፍላል? መጀመሪያ የሚሰረዘው ያ የእጅ ሰዓትሽ ነው፤ ቀጥሎ ነጂው ራሱ።

ወጣቷ፦ ኢንሹራንሱን የሚሸጠው ይጠይቀው። የእጅ ሰዓት ያልመዘገበ ነጂ የሚሳፈርበት መርከብ ዋስትናው ይወደድ።

አንጋፋው፦ ያን ደንብ ጽፈሽ አሳዪኝ። ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ፣ ማን እንደሚቆጥረው። እስከዚያ ድረስ ስድስተኛው ደረጃ ላይ አልፈርምልሽም።